አመድማው ቀሚስ

ተክሌ፣

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ለጤናህ እንደምን ነህ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። መሠረተ ትምህርት ላይም ያስተማሩን እንደዚያ ነበር። እኔ ግን ያንተን ጤና አልጠይቅም፤ ደህና ነኝ ብዬም አልዋሽህም። ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት መጥቷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልጻፍኩልህም። ዛሬም የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ አይደለም፤ ተናድጄ ነው።

በሕይወት ሳለህ አንቱ ስልህ ኖሬአለሁ። እናቴ «ባል አንቱ ይባላል» ብላ ነው የዳረችኝ። ከዛሬ ጀምሮ ግን አንተ ነህ። አንቱ እያልኩ ልቆጣህ ሞክሬ ነበር፤ አፌ ላይ እየተሰበረ አስቸገረኝ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። መብራት ገብቶልናል። ምሰሶው አባቴ ሽምብራ ይዘራበት የነበረውን ማሳ አቋርጦ ወደ ለቡ ይወርዳል። አምፖሉ መጀመሪያ ሲበራ ያየሁት ግድግዳችን ምን ያህል እንደጠቆረ ነው፤ በኩራዝ ጊዜ አይታይም ነበር። ጣሪያው ባንተ መቀመጫ በኩል ያፈሳል። በረንዳው ላይ ያለችውን የስፌት ክፍልህን ቀበሌው ለሌላ ሰው ሊሰጣት መጥቶ ነበር። ጎረቤታችን ዘነበች ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና «የሰውዬው አፈር እንኳን ገና አልደረቀም! ትንሽ አታፍሩም?» ብላ ጮኸችባቸው፣ ሄዱ። ምላሷን ታውቀዋለህ፤ ስትፈራው ኖረሃል። የስፌት መኪናህ እዚያው ቆማለች። አቡጀዲ አልብሻታለሁ። ድመቷ ከፔዳሉ ሥር ወልዳለች።

የጻፍኩልህ ግን ስለ ጣሪያና ስለ ድመት አይደለም። ስለ ልብስ ነው። የበደልከኝ በልብስ ስለሆነ የማወራህም ስለ ልብስ ነው።

አንተ እኔን ስታለብሰኝ አንድ ሕግ ነበረህ፤ ዓይን እንዳይስብ። ለገበያ ቡናማውን ሰፋህልኝ፣ አቧራውና ጭቃው ከልብሱ ጋር እንዲመሳሰል። ለቤተ ክርስቲያን ነጭ መልበስ የግድ ነውና እሱን መከልከል አልቻልክም፤ የነጠላዬን ጥለት ግን በደብዛዛ ግራጫ አስለወጥከው። ሠርግ ስንጠራ ቡላው ነበር። «ነገ ማን ማን መጥቶ ነበር ሲባባሉ አንቺን ማንም ማስታወስ የለበትም» አልከኝ፤ ሠርግ ቤት! ሰው ሠርግ የሚሄደው ሊታይ አይደለም እንዴ? ለቅሶ እንኳን ስደርስ ጥቁር የለም፣ ግራጫ ነው፤ «የሟቹ ምኑ ናት እንዳይሉሽ»። ለቀበሌ ስብሰባ ደግሞ አመድማው ቀሚስ፤ አንገቱ የተዘጋ፣ እጅጌው እስከ አንጓዬ የወረደ፣ ኪስ የሌለው። ኪስ ለምን አላደረግህለትም ብዬ ብጠይቅህ «ኪስ ካለ ይፈተሻል» አልከኝ።

ሌላው ባል ሚስቱን ያስውባል። አንተ አደበዘዝከኝ። ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ስፌትህ ነው። ቀጥ ያለ፣ መስመሩ የማይዛነፍ፣ ትከሻ ላይ ተኝቶ የሚቀር። ገበያ ላይ ሴቶቹ ጨርቁን ትተው ስፌቱን እየዳሰሱ «አንቺ፣ ማነው የሰፋልሽ?» ይሉኝ ነበር። ያን የመሰለ ስፌት ለዚያ ቀለም!

መጀመሪያ እንዲህ ያለ ሰው አልነበርክም፤ ይህንንም አልረሳሁም። የመስቀል ሰሞን መኪናህን በአህያ ጭነህ አባቴ ግቢ ስትመጣ እኔ አማርኛ እንኳን በቅጡ አልናገርም ነበር። ከጥቅልሎችህ መሃል የሽምብራ እሸት የመሰለ አረንጓዴ ጨርቅ መዘዝክና «ይሄ ያንቺ ነው፤ ሌላ ሰው ቢለብሰው ያኮርፋል» አልከኝ። ለክተህ ስትጨርስ እንደገና ትጀምር ነበር። አባቴ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ «ይሄ ልብስ ሰፊ ስንት ጊዜ ነው የሚለካት? ልጅቷ እየሟሸሸች ነው እንዴ?» ብሎ ሰውን አሳቀብህ። ያንን ቀሚስ ለብሼ ነው ንፋስ ስልክ የገባሁት። ሰፈሩ ሁሉ አረንጓዴዋ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ያ ዘመን መጣ። መንገድ ዳር ሬሳ መታየት ሲጀምር ቀለሞችህን ሁሉ አንድ ባንድ ሰበሰብክ። አረንጓዴውን ቀሚሴን ፈታተህ ለትራስ ገበር አደረግኸው፤ በላዩ ላይም ቡናማ ጨርቅ አለበስክበት። በላዩ ተኝቼበት ኖርኩ።

ልጃችን ግን እንቢ አለችህ። ሰናይት እንደኔ አልነበረችም። ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ የሚታይ፣ ስትሄድ የምትሮጥ የሚመስል ልጅ። ብርቱካንማ ክር ከየት እንዳገኘች እንጃ፣ ራሷ ሹራብ ሠራችና ለብሳው መጣች። አንተ መኪናህ ላይ ሆነህ ቀና ስትል ፊትህ ተለዋወጠ።

«አውልቂው» አልካት።

«ለምን አባዬ? አላማረም?»

«አምሯል፤ ለዚህ ነው አውልቂ የምልሽ»።

እሷ ሳቀችብህ። «አባዬ፣ አንተ እኮ ሰውን ሁሉ ግድግዳ ልታስመስል ነው የምትፈልገው። እማዬን ጨርሰሃታል፤ እኔን ተወኝ» አለችህ። እኔም ሳቅኩ፤ እውነቷን ነበራ።

ፊደል ያስጀመረችኝም እሷ ናት። አንተ ለምሳ ስትገባ በልብስ መቁረጫ ጠረጴዛህ ላይ፣ በራስህ የልብስ ጠመኔ፣ ሀ ሁ ሂ ትጽፍልኝ ነበር። አንድ ቀን ደርሰህ አየኸን። እጅጌህን ስበህ ጠረጴዛውን ጠረግኸውና የቆረጥከውን ካኪ ዘረጋህበት። የቀበሌ ጥበቃዎቹን ልብስ ትሰፋ ነበር በዚያን ሰሞን። እንቢ ማለት አይቻልም ትለኝ ነበር፤ ምናልባትም አይቻልም ነበር። እኔ ግን የሂ እግር በእጅጌህ ላይ ነጭ ሆኖ ሲቀር አይቻለሁ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጓደኞቿ ጋር ያዟት። ምን እንዳደረገች እስከ ዛሬ አላውቅም። ምን ልታደርግ ትችላለች? ገና ልጅ ነበረች። እየተመላለስን ስንቅ አቀበልን። አንድ ቀን ስንቁን መለሱልን።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በሩን ቆረቆረ። ከላፍቶ በታች መንገዱ ዳር ሬሳዎች እንዳሉ፣ ከመካከላቸውም ብርቱካንማ ሹራብ የለበሰች ልጅ እንዳየ ነግሮን ስሙን ሳይናገር ሄደ። እኔ ነጠላዬን ስፈልግ አንተ በሩን ከውጭ ዘግተህብኝ ወጣህ። ዘግተህብኝ ሄድክ፣ ተክሌ! የወለድኳትን ልጅ ሬሳ እንዳላይ።

ስትመለስ ፊትህ አመድ ነበር። በሩን ከፍተህ መጀመሪያ የተናገርከው ነገር ምን ነበር? «ሹራቡን አውልቂ ብያት ነበር» አልክ። ይህን ብቻ። እንደ ገደሏት እንኳን አልነገርከኝም፤ ከሹራቡ ነው የተረዳሁት። ሹራቡ ነው እንዴ የገደላት? ግራጫ ብትለብስ ኖሮ ጥይቱ ይስታት ነበር? አጠገቧ ተኝተው የነበሩት ልጆች ምን ለብሰው ነበር? ጠይቄህ አላውቅም፤ አንቱ የሚባል ሰው እንዲህ አይጠየቅም። አሁን እጠይቅሃለሁ። ምን ለብሰው ነበር?

ልጮህ አፌን ስከፍት በመዳፍህ ዘጋኸኝ። ማልቀስ እንደተከለከለ ታውቂያለሽ አልከኝ። አውቃለሁ። ሬሳውን እንደማይሰጡን፣ ጥቁር የለበሰችም ነጠላዋን ያዘቀዘቀችም እናት የጸረ አብዮተኛ እናት ተብላ እንደምትያዝ አውቃለሁ። ማወቅ ግን እንባ አያቆምም። ትራስ ነክሼ ተኛሁ፤ ያንኑ ትራስ።

ከዚያ የሰማሁትን እስክሞት አልረሳውም። የመኪናህ ድምፅ። ልጃችን መንገድ ላይ ተኝታ አንተ መኪናህ ላይ ተቀመጥክ። ፔዳሉ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። ካኪ ይሰፋል አልኩ በልቤ። ለገዳዮቿ ሱሪ እየሰፋ ነው አልኩ። ያን ጊዜ ጠላሁህ። አንተን መጥላት የጀመርኩበትን ሰዓት ብትጠይቀኝ ያ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበር። ቀሪ ሰው በዓይን ይፈለጋል። አመድማውን ቀሚስ በከሰል ካውያ ተኩሰህ፣ በሁለት እጅህ ይዘህ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ አመጣህልኝ። «ይህን ልበሺ፤ ፊትሽን ታጠቢ» አልከኝ። ለበስኩ። ታጠብኩ። ነጠላዬን እንደ ደህና ሰው አጣፋሁ። አዳራሹ ውስጥ መፈክር ሲባል ግራ እጄን አነሳሁ፤ ሲያጨበጭቡም አጨበጨብኩ። ማንም ፊቴን አላየም። ልብሱ ሥራውን ሠርቷል።

ከዚያ በኋላ ስሟ በቤታችን አልተጠራም። አንድ ጊዜ «የሰናይት ሙት ዓመት» ብዬ ብጀምር ተነስተህ መስኮቱን ዘጋህ። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ራስህ ላክኸኝ፤ መማሬን ፈልገህ ሳይሆን «ካልሄድሽ ይታያል» ብለህ። ለእሱም የደረቀ ጭቃ የመሰለ ቀሚስ ሰፋህልኝ። ልጄን የገደለ መንግሥት ፊደል አስተማረኝ፤ ይኼን ምን ልበለው? ስማችሁን ጻፉ ሲሉን እኔ ሰሌዳዬ ላይ የጻፍኩት የኔን አልነበረም። ጻፍኩና መምህሩ ሳይደርስ በመዳፌ አጠፋሁት። እንዳንተው።

አየህ፣ ካንተ ጋር እየኖርኩ አንተን ሆንኩ።

ከዚያ አንተ ታመምክ። ሳልህ ደረትህ ውስጥ ሰፈረ፣ ክብደትህ ቀለለ፣ ሞትክ። አልጋ ላይ በሕመም መሞት እንዴት ያለ ዕድል እንደሆነ ታውቃለህ? ድንኳን ተተከለልህ። ዕድርተኛው በሙሉ ወጣ። ዘነበች ልብሴን በትልቅ ድስት ጥቁር ነክራ አምጥታ አለበሰችኝ፤ ነጠላዬን በእጇ አዘቀዘቀችልኝ። ጥለቱ አንገቴን ሲነካኝ፣ ተክሌ፣ ስንት ዓመት ታፍኖ የኖረው ሁሉ ወጣ። ደረቴን መታሁ። «ልጄ! ልጄ! ሳልቀብርሽ!» እያልኩ ጮኽኩ።

ሴቶቹ ተያዩ። «ባሏ አይደለም እንዴ የሞተው?» አለች አንዷ። ዘነበች ጆሮዬ ሥር ገብታ «አስካለ፣ ዝም በይ! የቀበሌው ሊቀመንበር ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል። ተክሌዬ በይ፤ ተክሌዬ እያልሽ አልቅሺ» አለችኝ። ተክሌዬ እያልኩ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ፍቅር ነበራቸው» ብሎ ተመለሰ። ዓመቱን ሙሉ የለበስኩት ጥቁር ያንተ አልነበረም፤ ደስ እንዳይልህ። አንድ ቀን እንኳን ላንተ አልለበስኩትም።

ሙት ዓመትህ ሲወጣ የዕድር ሴቶች ጥቁሩን ሊያስወልቁኝ መጡ። አዋጥተው አዲስ ቀሚስ ገዝተውልኝ ነበር። ዘነበች ከፌስታል አወጣችው፤ ቡላ ነው። «ባልሽ የሚወደውን ቀለም ነው የመረጥንልሽ» አለችኝ። ክፉ አላሰቡም፤ እጃቸውን ስሜ ተቀበልኳቸው። ሲወጡ ግን ቀሚሱን መሬት ላይ ወረወርኩት። ከመቃብር ሆነህም ታለብሰኛለህ! ሳጥኑን ከፈትኩና አመድማውን ቀሚስ ከሥሩ ጎተትኩት። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ አንድም ቀን አልለበስኩትም ነበር፤ አጠበበኝ ብዬህ ሌላ አመድማ ሰፍተህልኝ ነበር። ቀዳድጄ የወለል መወልወያ ላደርገው መቀስህን አነሳሁ።

ከታች ከጠርዙ ጀመርኩ። እጥፋቱን ስሰነጥቀው ከውስጡ ሌላ ጨርቅ ብቅ አለ። ጥቁር ነው። ሁለት ጣት የሚያህል ጥቁር ሳቲን፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ ቀሚሱን ዙሪያውን የዞረ።

ተቀመጥኩ። ስፌቱን አየሁት። ያንተ ነው፤ ግን ጠማማ ነው። ይሄዳል፣ ይጎብጣል፣ ይቆማል፣ ከቆመበት ደግሞ ይጀምራል። አንተ ጠማማ ስትሰፋ አይቼህ አላውቅም። ያን ጊዜ ያን ድምፅ ሰማሁት፤ ፔዳሉ ሲሄድ፣ ሲቆም፣ ደግሞ ሲሄድ። ካኪ አልነበረም።

ሌሎቹን አወጣሁ። ቡናማውን የገበያውን ቀሚስ፣ ቡላውን የሠርጉን፣ ለትምህርቱ የሰፋህልኝን፣ ሁለተኛውን አመድማ። የሁሉንም እጥፋት ፈታሁ። የሁሉም ውስጥ ጥቁር አለ፤ በእነዚህ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሄድኩበት ሁሉ፣ ገበያ ስሄድ፣ ሠርግ ቤት ስበላ፣ አዳራሹ ውስጥ ሳጨበጭብ፣ ለልጄ ጥቁር ለብሼ ነበር። እኔ ብቻ አላወቅኩም።

አሁን አንጀቴ የሚራራልህ መስሎህ ይሆናል። ለጥቂት ቀን ራርቶም ነበር። ከዚያ ንዴቱ ካለፈው ብሶ መጣ። ለምን አልነገርከኝም? አንድ ቃል! «አስካለ፣ እግርሽ ሥር ጥቁር አለ» ብትለኝ ምን ነበረበት? በዚያች ቃል ዓመታት እኖርባት ነበር። ሰውን ሐዘን ነጥቀህ እጥፋት ውስጥ ትሰፋበታለህ? እኔ ሳልለብሰው የለበስኩት ሐዘን ምኑ ነው ሐዘን?

ደግሞ ሌላም ሐሳብ መጣብኝ። ልብሶችህን ከአርባህ በኋላ ለነዳያን ሰጥቻቸዋለሁ። ግራጫ ኮትህን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚቀመጥ አንድ ሽማግሌ እንደሚለብሰው ስለማውቅ ሄድኩ። «አባቴ፣ የኮቱን ኮሌታ ልየው» አልኩት።

«ሰጥተሽ ልትነሺኝ ነው እንዴ የኔ እናት? ክረምት እኮ ነው!» ብሎ ኮቱን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«አልወስድብህም፤ ውስጡን ብቻ ነው»።

ኮሌታውን ገለበጠልኝ። ገበሩን አየሁ፣ ጠርዙን ዳሰስኩ፣ እጅጌውን መለስኩ። ምንም የለም። ግራጫ ጨርቅና እድፍ ብቻ። ሽማግሌው «የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ። አለ አልኩት።

ለራስህ አልሰፋህም። ይህን ንገረኝ እንግዲህ። ጥቁሩ ለእናት ብቻ ይገባል ብለህ ነው? ወይስ አንተ ልትለብሰው ፈርተህ? ያን ጊዜ አንድ ጥበቃ እጥፋቴን ገልብጦ ቢያይ የምያዘው እኔ ነበርኩ፤ ምን እንደተሸከምኩ እንኳን ሳላውቅ። ኪስ ያለው ልብስ ይፈተሻል ብለህ ኪስ የነሳኸኝ ሰው ያን ሁሉ አደጋ እግሬ ላይ ሰፋህብኝ። አብዝተህ ወደድከኝ ወይስ አብዝተህ ፈራህ? ሁለቱንም ይመስለኛል። የማያስችለኝም ይኸው ነው። ዝም ብዬ ልጠላህ አመቻችቼ ነበር፤ እሱንም አበላሸህብኝ።

ትናንት ስብሰባ ነበር። ዛሬ የምጽፍልህም ስለዚያ ነው። ከትናንት ወዲያ አቡጀዲውን ከመኪናህ ላይ አነሳሁ፣ የድመቷን ልጆች በቁና አውጥቼ አስቀመጥኩና አመድማውን ቀሚስ ጎኑን አሰፋሁት። የጠርዙን ጥቁር ከውስጥ አወጣሁትና ከውጭ ሰፋሁት፤ ሰው እንዲያየው። መኪና መያዝ አላውቅም፤ ስታደርግ አይቼ ነው። ካንተም የባሰ ጠማማ ሆነ። ለብሼው ሄድኩ።

አዳራሹ በር ላይ ሊቀመንበሩ ቆሞ ሰው ያስገባል። ዓይኑ ከፊቴ ወደ ጠርዙ ወረደ። በጨዋ አነጋገር «እማማ፣ የጋሽ ተክሌ ሐዘን አላበቃም እንዴ?» አለኝ።

«የሱ አብቅቷል» አልኩት። «ይሄ የልጄ ነው። የሰናይት»።

ሊቀመንበሩ ወጣት ነው፤ በዚያ ዘመን እሱም ተማሪ የነበረ መሰለኝ። አየኝ፣ አየኝና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። «ይግቡ» አለኝ። ነገ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ምናልባት ይጠሩኛል። ይጥሩኝ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ዘነበች አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «አንቺ እብድ፣ ልታስፈጂን ነው?» አለች በለሆሳስ። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፣ ገለበጠችውና ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለበሰችው። አዘቀዘቀች። የምላሷን ርዝመት እያሙ የሚኖሩባት ዘነበች አንድ ቃል አልጨመረችም። መፈክር ሲባል እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። የሷም እጅ ከእጄ ላይ ነበር። የሰናይት ለቅሶ ትናንት ተቀመጠ፤ ለቀስተኞቹ ሁለት ሴቶች ብቻ።

ተክሌ፣ ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልጨርስም፤ አላልኩህምና። ሲመቸኝ እቆጣሃለሁ፤ ሌላ ደብዳቤም ያስፈልግ እንደሆነ ጊዜው ያውቃል። ግን አልረሳህም። የመኪናህን ድምፅ ከእንግዲህ ሳስታውስ ካኪ አልሰማም። ትራሱንም ፈትቼዋለሁ፤ አረንጓዴው ለቀሚስ አይበቃም፣ ለሻሽ ግን ይሆናል። ለመስቀል ለብሼው አባቴ ማሳ ድረስ በእግሬ እወርዳለሁ፤ ከላፍቶ በታች ባለው መንገድ፣ አንተ በዘጋህብኝ በዚያ መንገድ። አመድማው አንተ ነህ፤ ጠርዙ እሷ ናት። ጨርቁ ሲያልቅ ሌላ እቆርጣለሁ፤ ጥቁሩን ግን ሁልጊዜ ከውጭ ነው የምሰፋው።

አስካለ